ርዕሰ መምህሩ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሲዛወር

(በመምህራን ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በየዓመቱ ክረምት ሲገባ፣ የተማሪዎች ውጤት በሮስተር ላይ ሰፍሮ ካርዱም ከታደለ በኋላ፣ የሚዛወሩ መምህራንና ርዕሳነ መምህራን ስም ዝርዝር በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይወጣል። ዝርዝሩ የሚናገረው የተዛዋሪውን ስም፣ የነበረበትን ትምህርት ቤትና የሚሄድበትን ትምህርት ቤት ነው። ተዛዋሪው በነበረበት ትምህርት ቤት ምን ተማረ? ምን ትቶ ይሄዳል? በሚሄድበት ትምህርት ቤት ምን ይጠብቀዋል? ያንን አዲስ ሥራ በሚገባ ለመሥራትስ ምን ይጎድለዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በዝርዝሩ ላይ ቦታ አልተሰጣቸውም። የዚህ ንግግር ዓላማ ለጥያቄዎቹ ቦታ እንዲገኝ ማሳሰብ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ዝውውርም ክፍት የሥራ መደብ መሙያ ከመሆን አልፎ የሙያ ማደጊያ ሊሆን የሚችልበትን መንገድ ማመልከት ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በቀድሞው ዘመን የትምህርት ቤት ኃላፊ በአብዛኛው ዲሬክተር ተብሎ ይጠራ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ ወላጁም ተማሪውም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። በሥራ ወረቀት ላይ የጸናው መጠሪያ ግን ርዕሰ መምህር የሚለው ሆኗል። ሁለቱ ስሞች አንድን ሰው ቢያመለክቱም የሚያሳድሩት ግምት አንድ አይደለም። ዲሬክተር ሲባል የሚያዝ፣ የሚቆጣጠርና የሚፈርም ሰው በሐሳብ ይመጣል። ርዕሰ መምህር ሲባል ግን ሰውዬው ከሁሉ አስቀድሞ መምህር መሆኑ ይታወሳል። እንግዲህ የእርሱ የሙያ ዕድገት መለኪያ የሚቀመጥበት ቢሮ ስፋት ወይም የሚቀበለው ደመወዝ መጠን ብቻ ሊሆን አይችልም። በእርሱ አመራር ሥር ያሉ መምህራን ከትናንት ዛሬ የተሻለ ካስተማሩ፣ ሕፃናቱም የተሻለ ካነበቡና ካሰሉ፣ ያ ሰው በሙያው አድጓል ማለት ነው።

ለዕውቀት ሲባል ከቦታ ወደ ቦታ መዘዋወር ለኢትዮጵያ ትምህርት እንግዳ ነገር አይደለም። በጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ሥርዓት ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ለመቁጠር ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ለመማር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ ይጓዝ ነበር፤ ልማዱም ዛሬ አልተቋረጠም። ይሁን እንጂ ይህ ተማሪ ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው የሚሄደው እንዲያው አገር ለመለወጥ አይደለም። አንዱን ትምህርት ሲፈጽም ከማን እንደ ተማረና የት እንደ ደረሰ ይታወቃል፤ በተለይም በድጓ መምህር ለመሆን የሚሻ ሰው ቤተ ልሔም ደርሶ ማስመስከሩ የጸና ልማድ ነው። ማስመስከር የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ያስተምራል። የሚያውቅ ሰው ስለ ሌላው ዕውቀት ይመሰክራል፤ ምስክርነቱም ተማሪውን በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል።

የዛሬው ርዕሰ መምህር ጓዙን ጠቅልሎ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ የሚይዘው የዝውውር ደብዳቤውን ነው። ደብዳቤው የሥራ መደቡን፣ ደረጃውንና ደመወዙን ይገልጻል። ሰውዬው የንባብ ትምህርት የደከመበትን ትምህርት ቤት ያነቃ እንደ ሆነ፣ ከወላጆች ጋር ተስማምቶ መሥራት የሚያውቅበት እንደ ሆነ፣ ወይም በገንዘብ አያያዝ ገና ድጋፍ የሚሻ እንደ ሆነ ከደብዳቤው ማወቅ አይቻልም። የግል ማኅደሩም ቢሆን የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነጥቦችን ቢይዝ እንጂ ነጥቡ ከምን ሥራ እንደ ተገኘ እምብዛም አያስረዳም።

ይህ ጉድለት ቀላል መስሎ እንዳይታይ፣ ዝውውር በርዕሰ መምህሩ ሥራ ላይ ምን እንደሚለውጥ መመልከት ይገባል። ከውጭ ለሚያይ ሰው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁሉ አንድ ነው፤ የሰንደቅ ዓላማ መስቀያ፣ በረድፍ የቆሙ ክፍሎችና አንድ ሜዳ። ለርዕሰ መምህሩ ግን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ የሆነ ጠባይ አለው። በእህል አብቃይ ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰብል ሲሰበሰብ ወንበሮች ባዶ ይሆናሉ፤ በቡና አብቃይ አገር የቡና ለቀማ ወቅት እንዲሁ ሕፃናቱን ይወስዳል። በአርብቶ አደሩ አካባቢ ዝናቡና ግጦሹ ቤተሰቡን ሲያንቀሳቅሱ ተማሪውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። በገበያ ቀን ከብት የሚጠብቀው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ታናሿን የምትይዘው ማን እንደ ሆነች ማወቅ የገጠር ርዕሰ መምህር የዕለት ሥራ ነው። በከተማ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ክፍሎች በተማሪ ብዛት ይጨናነቃሉ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ያስተምራሉ፤ የመምህራኑ ቁጥር ስለሚበዛ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ራሱን የቻለ ሙያ ይሆናል፤ ወላጁም የሚመጣው በስብሰባ ቀን ሳይሆን በተቆጣ ቀን ነው።

የትምህርት እርከኑ አወቃቀር መለወጥም በዚህ ላይ ይጨመራል። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ሆኖ በሁለት እርከን የተከፈለ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል፣ መካከለኛ ደረጃን 7ኛና 8ኛ ክፍል አድርጎ ለይቶታል። ከፍ ያሉትን ክፍሎች በመምራት የታወቀ ርዕሰ መምህር ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ሲመጣ ፊደል ስለ ማስቆጠር፣ አንድ መምህር ሁሉንም የትምህርት ዓይነት ስለሚያስተምርበት ክፍልና ስለ ሕፃናት ጠባይ ያለው ዕውቀት እንደገና መታደስ ይኖርበታል። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው የማስተማሪያውን ቋንቋ በሚገባ ካልቻለ ክፍል ገብቶ መምህሩን ለመርዳት ይቸገራል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ርዕሰ መምህር በገጠር ትምህርት ቤት 5 ዓመት ሠርቶ፣ በመከር ወራት የሚቀሩትን ተማሪዎች ከአገር ሽማግሌዎች ጋር መክሮ መመለስን ተክኗል እንበል። ይህ ሰው በዕድገት ስም በፈረቃ ወደሚያስተምር የከተማ ትምህርት ቤት ቢዛወር፣ ትናንት የተካነበት ጥበብ ለጊዜው ሥራ ይፈታል፤ ዛሬ የሚፈለግበት ሌላ ነው። በማዕረግ ነባር፣ በሥራው ግን ጀማሪ ይሆናል። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ማንም ጀማሪ ብሎ የማይጠራው መሆኑ ነው። አዲስ ለተቀጠረ መምህር በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ ጊዜና አንድ አማካሪ ነባር መምህር ተመድቦለታል። አዲስ ቦታ ለደረሰ ርዕሰ መምህር ግን የሚመደብለት ቁልፍና ማኅተም ነው። እርሱም ቢሆን ከይሉኝታ የተነሣ «ይህንን አላውቀውምና አሳዩኝ» ለማለት ይከብደዋል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው የአበው ቃል በዚህ ቦታ ላይ ጉዳቱ በተናጋሪው ብቻ አይቀርም፤ ርዕሰ መምህሩ ሳይጠይቅ ያለፈው ዓመት ለተማሪዎቹም ያለፈ ዓመት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ መታየት ያለበት ዕድገት የሚባለው ነገር ወዴት እንደሚያመራ ነው። በመምህራን የደረጃ ዕድገት መሰላል መምህሩ ከጀማሪ መምህርነት ተነሥቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህር፣ በተባባሪ መሪ መምህርና በመሪ መምህር እያለ ይወጣል፤ የአገልግሎት ዘመንና የሥራ አፈጻጸም ውጤት ዋና መመዘኛዎቹ ናቸው። መሰላሉ ለሙያው ክብር የሰጠ መልካም ሥርዓት መሆኑ አይካድም። ከመሰላሉ ጎን ግን በጽሑፍ ያልሰፈረ ሌላ መሰላል አለ። ይኸውም ከገጠር ወደ መንገድ ዳር፣ ከመንገድ ዳር ወደ ወረዳ ከተማ፣ ከወረዳ ከተማ ወደ ትልቅ ከተማ፣ ከትምህርት ቤትም ወደ ጉድኝት ሱፐርቫይዘርነትና ወደ ጽሕፈት ቤት የሚያወጣው ነው። ርዕሰ መምህሩ ይህንን ሁለተኛውን መሰላል ቢመኝ የሚወቀስበት ምክንያት የለም። ልጆቹን የሚያስተምርበት፣ የሚታከምበት፣ ንጹሕ ውኃ የሚያገኝበት ቦታ መፈለግ የሰው ሁሉ መብት ነው።

ነገር ግን የአንዱ ዕድገት የሌላው ጉድለት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ልምድ ያለው ርዕሰ መምህር ሁሉ ወደ አስፋልቱ በወጣ ቁጥር፣ ከአስፋልቱ የራቀው ትምህርት ቤት ዘወትር የጀማሪ መለማመጃ ሆኖ ይቀራል። እጅግ ብርቱ አመራር የሚሻው ትምህርት ቤት ልምዱ ያነሰውን መሪ ይቀበላል፤ እርሱም ሥራውን በለመደ ጊዜ ተራውን ይዛወራል። የሩቁ ቀበሌ ወላጅ ይህንን ያውቃል። አዲስ ርዕሰ መምህር በመጣ ቁጥር የሚጠይቀው «ስንት ጊዜ ትቆያለህ?» የሚል የሆነው ስለዚህ ነው።

ዝውውሩ በትምህርት ቤቱ ዕቅድ ላይ የሚያደርሰውንም ጉዳት ልብ ማለት ይገባል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ራሱን ገምግሞ የሦስት ዓመት የትምህርት ቤት ማሻሻያ ዕቅድ እንዲያወጣ፣ ከዚያም በየዓመቱ እየከፈለ እንዲሠራበት ተደርጓል። ዕቅዱ መማር ማስተማሩን፣ የትምህርት ቤቱን ምቹነት፣ አመራሩንና የኅብረተሰቡን ተሳትፎ ያቅፋል። ርዕሰ መምህሩ በሁለተኛው ዓመት ሲዛወር ዕቅዱ በመካከል ባለቤት ያጣል። ተተኪው ዕቅዱ ለምን እንደዚያ እንደ ታቀደ የሚነግረው ካላገኘ «የእገሌ ዕቅድ» ብሎ ወደ ጎን ያኖረዋል፤ አዲስም ይጀምራል። መምህራኑ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሲደረግ ካዩ በኋላ ሦስተኛውን ዕቅድ በልባቸው አይቀበሉትም፤ በስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው ያጸድቁትና ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ በርክክቡ ላይ ይገኛል። በአሁኑ አሠራር ርክክብ ማለት በአብዛኛው የንብረት ርክክብ ነው። በሞዴል 19 ገቢ የሆነው፣ በሞዴል 22 ወጪ የሆነው ይመሳከራል፤ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ይቆጠራል፤ የባንክ ሒሳቡ ይታያል፤ ማኅተሙና ቁልፉ ይተላለፋል። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው። ሆኖም በንብረት መዝገብ ላይ ያልሰፈረ የትምህርት ቤት ሀብት አለ። ለ1ኛ ክፍል ሕፃናት ፊደል በማስቆጠር ማን የተለየ ችሎታ አለው? ወንዝ እየተሻገሩ የሚመጡት ተማሪዎች የየትኛው መንደር ናቸው? ወንዙ በሚሞላበት ወራትስ ምን ይደረግ ነበር? የክፍል ማሠሪያ ድንጋይና እንጨት ለማቅረብ ቃል የገባው ጎጥ የትኛው ነው? ተሞክሮ ያልተሳካው ምን ነበር? ያልተሳካውስ ለምንድን ነው? እነዚህ ነገሮች በሥራ ላይ በነበረው ሰው ራስ ውስጥ ብቻ ካሉ፣ ሰውዬው በተዛወረ ቀን አብረውት ይሄዳሉ።

የዚህን እውነትነት የቅርቡ ታሪክ በመራራ መንገድ አስተምሯል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች በርካታ ትምህርት ቤቶች ወድመዋል፣ ተዘርፈዋል፤ መዛግብትም ጠፍተዋል። ሮስተሩ በጠፋበት ቦታ የትምህርት ቤቱ ትውስታ የሚገኘው በመምህራኑና በወላጆች ዘንድ ብቻ ነው። ትምህርት ቤትን እንደገና መክፈት ግድግዳ ከማቆም በላይ መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ሥራ ያለፈ ርዕሰ መምህር ነው። ይህ ዕውቀት ተጽፎ ከአንዱ ወደ ሌላው ካልተላለፈ ከሰዎቹ ጋር ይበተናል።

እንግዲህ እያንዳንዱ ተዛዋሪ ርዕሰ መምህር ከንብረት ርክክቡ ጋር አንድ የሥራ ርክክብ ማስታወሻ እንዲጽፍ ቢደረግ መልካም ነው። ማስታወሻው የተራቀቀ ጽሑፍ መሆን የለበትም፤ ከአራትና ከአምስት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። በውስጡም የማሻሻያ ዕቅዱ የደረሰበትን ደረጃና ምክንያቱን፣ ለመማር ማስተማሩ የተጀመሩ ሥራዎችን፣ ልዩ ክትትል የሚሹ ተማሪዎችን፣ ለኅብረተሰቡ የተሰጡና ከኅብረተሰቡ የተገኙ ቃሎችን፣ ያልተሳኩ ሙከራዎችንም ይዘርዝር። ሁለቱ ርዕሳነ መምህራን ቢያንስ ለአንድ የሥራ ሳምንት በአንድ ግቢ አብረው ቢውሉና ማስታወሻውን በወላጅ መምህር ኅብረት ፊት ቢረካከቡት ጥቅሙ ይበዛል። በ1994 ዓ.ም. የወጣውና በመምህራን ዘንድ ሰማያዊው መጽሐፍ በመባል የሚታወቀው መመሪያ ኅብረተሰቡን የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ተካፋይ አድርጎታል። ርዕሰ መምህሩ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ወላጆቹ ግን በቦታው ይኖራሉ። ስለዚህ በርክክቡ ላይ ከእነርሱ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ለዚህ ሲባል ዝውውሩ በክረምት ወራት ተጠናቅቆ ማለቅ አለበት። ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር የሚደረግ ዝውውር ሁለት ትምህርት ቤቶችን በአንድ ቀን ያናጋል።

ሁለተኛው መፍትሔ አዲስ በተደረሰበት ትምህርት ቤት የሚያልፈውን የመጀመሪያ መንፈቅ ዓመት የትምህርት ጊዜ ማድረግ ነው። ርዕሰ መምህሩ በእነዚህ ወራት ክፍል ገብቶ ትምህርት ሲሰጥ ይመልከት፤ እያንዳንዱን መምህር ለየብቻ ያነጋግር፤ የተማሪዎችን የመማሪያ ደብተር ይግለጥ፤ ነባሩን ዕቅድ ከመሻሩ በፊት ይመርምረው። በአቅራቢያው ካሉ ነባር ርዕሳነ መምህራን አንዱ በአማካሪነት ይመደብለት። ለዚህ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከላት ተደራጅተዋል፤ ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያም በዓመት 60 ሰዓት ተመድቧል። 60 ሰዓት በ10 የትምህርት ወራት ሲካፈል በወር 6 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ግማሹ እንኳ ለአዲሱ ርዕሰ መምህርና ለአማካሪው ውይይት ቢውል፣ በየወሩ አንድ ግማሽ ቀን ተገናኝተው በአንድ እውነተኛ ችግር ላይ መምከር ይችላሉ። አማካሪው የቅርብ አለቃው ያልሆነ ሰው እንዲሆን ይመከራል፤ በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ላይ ነጥብ ለሚሰጥ ሰው ድካሙን የሚገልጥ ጥቂት ነውና።

ሦስተኛው መፍትሔ ምስክርነት ነው። ርዕሰ መምህሩ አንድን ትምህርት ቤት ሲለቅ ምን እንደ ሠራና ምን እንደ ተማረ የሚገልጽ አጭር የሙያ ምስክርነት በማኅደሩ ውስጥ ይቀመጥ። የሚመሰክሩትም የትምህርት ቤቱ መምህራን ተወካይ፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱና የጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ ይሁኑ። በዚህ ዓይነት ከተሠራ ማኅደሩ «በገጠር የክፍል ማቋረጥን መቀነስ ያውቃል፣ በፈረቃ አሠራር ግን ገና አልተፈተነም» ብሎ ለመናገር ይችላል። የወረዳው ጽሕፈት ቤትም ሰውን ከትምህርት ቤት ጋር ሲያገናኝ በግምት ከመሥራት ይድናል። ከሁሉም በላይ በአስቸጋሪ ትምህርት ቤት የተሠራ ሥራ በደረጃ ዕድገት ጊዜ ተገቢው ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ከመንገድ ርቆ ትምህርት ቤት ያቀና ርዕሰ መምህር እዚያው ሆኖ የሚያድግበት መንገድ ካልተከፈተለት፣ ዕድገትና ከተማ መግባት አንድ ነገር መሆናቸው አይቀርም።

ስለ ሴት ርዕሳነ መምህራን ለይቶ መናገርም ግዴታ ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሴቶች ቢያስተምሩም በርዕሰ መምህርነት የተመደቡት ከወንዶቹ እጅግ ያነሱ ናቸው። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የዝውውሩ አሠራር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑ ግልጽ ነው። መኖሪያ ቤት በሌለበት፣ መንገዱ በሚያሰጋበት ሩቅ ቦታ ጥቂት ዓመት ሳያገለግሉ ማደግ የማይቻል ከሆነ፣ ሕፃን ልጅ ያላት መምህርት በውድድሩ ገና ሳትጀምር ትቀራለች። በምክትል ርዕሰ መምህርነት በቅርብ ቦታ ልምድ እንድታገኝ ማድረግ፣ ወደ ሩቅ ቦታም ስትመደብ ማደሪያዋንና ደኅንነቷን ከኅብረተሰቡ ጋር አስቀድሞ ማሰናዳት፣ ለእርሷ የሚደረግ ችሮታ ተደርጎ መታየት የለበትም። ትምህርት ቤቶች ከሚያጡት ችሎታ የሚድኑበት መንገድ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንዳንዶች ዝውውር ጨርሶ ቢቀር ይሻላል፤ ርዕሰ መምህሩ በአንድ ቦታ ሥር ሰድዶ ይሥራ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ አንድ ሰው በአንድ ወንበር ላይ ከቆየ ይሰለቻል፣ ጥቅመኛ ቡድን ያበጃል፣ ስለዚህ በየጊዜው መነሣት አለበት ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ከሥራ ልምድ የተነሣ የሚናገሩት እውነት አላቸው። ሆኖም በመቆየትም ሆነ በመሄድ ብቻ ሙያ አያድግም። ቢያንስ አንድ የማሻሻያ ዕቅድ ዘመን፣ ማለትም 3 ዓመት፣ ሳይሞላ ያለ በቂ ምክንያት ማንሣት ግን ለማንም አይበጅም፤ የዘራውን ሳያጭድ የተነሣ ገበሬ ስለ እርሻው የሚያውቀው ግማሹን ነውና። የጤና፣ የትዳርና የደኅንነት ጉዳይ ሲኖር ደንቡ ለሰው ልጅ ችግር ቦታ መስጠት አለበት። ዝውውርን ለቅጣት ወይም ለውለታ መመለሻ ማዋል ግን ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ያዋርዳል። በቅጣት የተላከ ርዕሰ መምህር የደረሰበትን ቦታ እንደ እስር ቤት ያየዋል፤ የቦታው ሰውም ልጆቹ የቅጣት ማረፊያ መሆናቸውን ይረዳል።

ሌላው ተቃውሞ የበጀት ጉዳይ ነው። የወረዳዎች በጀት በአብዛኛው ከደመወዝ እንደማያልፍ የታወቀ ነው። የመኖሪያ ቤት ማሠራትና የውሎ አበል መክፈል ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይህንን መካድ አይቻልም። የርክክብ ማስታወሻ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ግን ወረቀትና ጥቂት ቀናት ነው። አማካሪ ለመመደብ የሚያስፈልገው በጎ ፈቃድና ፕሮግራም ነው። ምስክርነትን በማኅደር ለማኖር የሚያስፈልገው ልማዱን መጀመር ነው። ገንዘብ የሚሹት ሥራዎች እስኪደርሱ ገንዘብ የማይሹት መቆየት የለባቸውም።

ከመንግሥት የሚጠበቀው ይህ ሲሆን ከርዕሰ መምህሩ ከራሱ የሚጠበቅም አለ። አስተዋይ ርዕሰ መምህር የሚዛወርበትን ቀን ሳይጠብቅ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ለተተኪው ይሠራል። የዕለት ማስታወሻ ይይዛል። ምክትሉን የደብዳቤ አመላላሽ ከማድረግ ይልቅ በዕቅድ፣ በበጀትና በክፍል ጉብኝት ያሠለጥነዋል። ሥራውን በክፍል ተጠሪዎች፣ በትምህርት ዓይነት ኃላፊዎችና በክበባት ዘንድ ያከፋፍላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ የተከፋፈለ ሥራ አንድ ሰው በመሄዱ አይወድቅም። አንዳንድ ኃላፊ እርሱ ከሄደ በኋላ ትምህርት ቤቱ ሲደክም የእርሱ ብርታት የታወቀለት ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ድካም ግን የሚመሰክረው ሰውን ሳይተካ መሄዱን ነው።

የማኅበሩ ድርሻ በዚህ መካከል ታላቅ ነው። ማኅበሩ በየወረዳው አባላት አሉት፤ በሥራ ላይ ያሉና በጡረታ የተገለሉ ልምድ ያላቸው ርዕሳነ መምህራንን ያውቃል። እያንዳንዱ የወረዳ ቅርንጫፍ በአማካሪነት ለማገልገል የሚፈቅዱ ነባር ርዕሳነ መምህራንን ስም ከነችሎታቸው ቢመዘግብ፣ የርክክብ ማስታወሻ አርአያ አዘጋጅቶ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ቢያቀርብ፣ በአንድ ጉድኝት ባሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ለአንድ ዓመት አስሞክሮ ውጤቱን ለሚቀጥለው ጉባኤ ቢያሰማ፣ ጅምሩ በቃል አይቀርም። የመብት ጥያቄ ማቅረብ የማኅበር ሥራ ነው፤ ሙያን በገዛ እጅ ማበጀትም እንዲሁ የማኅበር ሥራ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሒሳብ ማስታወስ ይጠቅማል። በአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ በየሁለት ዓመቱ ቢለዋወጥ፣ በ1ኛ ክፍል የገባች ሕፃን 6ኛ ክፍል እስክትጨርስ ሦስት ርዕሳነ መምህራን ያልፉባታል። ለርዕሳነ መምህራኑ ያ ትምህርት ቤት ከብዙ የአገልግሎት ቦታዎች አንዱ ነው፤ በማኅደራቸው አንድ መስመር ይይዛል። ለእርሷ ግን ያላት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እርሱ ብቻ ነው፤ እነዚያም 6 ዓመታት ተመልሰው አይመጡም። እያንዳንዱ ተዛዋሪ ከእርሱ በፊት የነበረው ካደረሰበት ተነሥቶ ከሠራ፣ ሦስቱ ሰዎች ለዚያች ልጅ እንደ አንድ ሰው ሆነው ያገለግሏታል። እያንዳንዱ እንደ አዲስ ከጀመረ ግን እርሷ በ6 ዓመት ውስጥ ሦስት ጅምር አይታ ትወጣለች። የርዕሰ መምህሩ የሙያ ዕድገት ጉዳይ በቸልታ የማይታለፈው በዚህ ምክንያት ነው።